የመጀመሪያዎቹ ጥንዶችና የእማማ ቦጋለች ላም

ሰው «ባለቤትህ ምን ትሠራለች?» ሲለኝ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። «ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች» እልና ደረቴን ነፋ አድርጌ ልለፍ ስል «ምን ታስተምራለች?» ይከተላል። «ፊዚክስ» እላለሁ። ፊዚክስ የሚባለውን ቃል ሲሰማ አብዛኛው ሰው ስለ ጤናዬ ጠይቆ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን እንደ መዥገር ይጣበቅና «ፊዚክስ ምኑን?» ይላል። እዚህ ስንደርስ ስልኬ የጠራ አስመስዬ እሸሻለሁ። ባለቤቴ ጸጋነሽ የምታጠናው ፀሐይም ኮከብም ሳይኖር፣ ዓለም ገና ጨቅላ ሳለች፣ መጀመሪያ ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ ነው። ይህን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ገበያ መሀል ቆሜ፣ ሽንኩርት እያስመዘንኩ እንዴት አድርጌ ላስረዳ?

እኔ ራሴ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። የአርባ ምንጭን ሙቀት ፈጣሪ ያቆይልኝ፤ እንጀራዬ እሱ ነው። እንግዳ ሰው ከመኪና ወርዶ ግንባሩን እየጠረገ ሲያማርር እኔ በልቤ አሜን እላለሁ። ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚረከቡ ነጋዴዎች ማቀዝቀዣቸው ትንሽ ሲያስነጥሰው ከሐኪም አስቀድመው፣ ከቄስም አስቀድመው የሚደውሉት ለእኔ ነው። ስለዚህ በዚህ ከተማ ስለ ብርድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ ኖሬያለሁ። ሰው ደግሞ የሚዋረደው አውቃለሁ በሚለው ነገር ነው፤ በማያውቀውማ መጀመሪያውኑ አፉን አይከፍትም።

ከጸጋነሽ ጋር ያገናኘንም ፍሪጅ ነው። የቤተ ሙከራቸው ፍሪጅ ተበላሽቶ ተጠራሁ። እኔ ተንበርክኬ ስፈታ እሷ አጠገቤ ቆማ ስለ ጋዙ፣ ስለ ግፊቱ፣ ስለ መጭመቂያው አንድ በአንድ ትጠይቀኛለች። በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቆ የሚያዳምጠኝ ሰው አይቼ አላውቅም። ስጨርስ ፍሪጁ ዳነ፤ እኔ ታመምኩ። የጠገነው ዕቃ ዳግም እንዲበላሽ የጸለየ ጠጋኝ ከእኔ ሌላ ይኑር አይኑር እንጃ። ጸሎቴ ተሰማ። አሁን ከተጋባን ዓመት ሊሞላን ነው።

ሥራዋን ያስረዳችኝ እራት እየበላን ነው። መጀመሪያ ላይ፣ አለችኝ፣ ሁሉም ነገር ከመጠን በላይ ትኩስ ነበር። ከሙቀቱ ብዛት አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዞ መቆየት አይችልም፤ ተገናኙ ሲባል ይበታተናሉ። ዓለም እየሰፋች እየቀዘቀዘች ስትሄድ ግን ጋብ አለ። ያን ጊዜ ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረም። ሂሊየም ዛሬ የልደት ፊኛ የሚሞላበት ጋዝ ነው። ኩሩ ነው፤ ከማንም ጋር አይያያዝም። ያኔ ግን ኤሌክትሮኑን አጥቶ ራቁቱን የቀረ ሃይድሮጅን ተጠጋው፣ እሱም አቀፈው። በዓለም ታሪክ የመጀመሪያው ሞለኪውል ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች።

እኔ በዚህ ልቤ ተነካና ወጡን ረሳሁት። «ከዚያስ?» አልኳት። ከዚያማ፣ አለች፣ ሌላ ሃይድሮጅን ይመጣል። ያ የታቀፈው ሃይድሮጅን ከሂሊየም እቅፍ ይወጣና ከመጣው ወገኑ ጋር ይያያዛል። ሂሊየም ይቀራል። ይህ የመጣው ሦስተኛ ወገን ትዳር አፍራሽ ነው ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ግን ሳቀች። እሱ ባይመጣ ኖሮ የሃይድሮጅን ጥንዶች አይበዙም ነበር፣ እነሱ ባይበዙ የመጀመሪያው ጋዝ በደንብ ቀዝቅዞ ወደ ራሱ አይሰበሰብም፣ ካልተሰበሰበ ደግሞ ኮከብ የለም፣ ኮከብ ከሌለ እኔም አንተም ይህም ወጥ የለንም አለችኝ። እንግዲህ ትዳር ፈርሶ ኮከብ ሲወለድ ምን ይባላል? ወጤን በላሁ።

የእሷ ጥያቄ አንድ ነው። ያ መለያየት ብርድ ሲበረታ ይዘገያል ወይስ አይዘገይም? ድሮ በወረቀት ሲሰላ ይዘገያል ይባል ነበር። በቅርብ ጊዜ ትልልቅ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ሞክረው አይዘገይም ብለዋል። ጸጋነሽ ደግሞ ምርምሯን ከሚመሩላት መምህሯ ጋር ሆና፣ ከውጭ አገር አሮጌ ሆኖ በመጣ፣ ክዳኑ በብሎን የታሰረ የብረት ድስት በሚመስል መሣሪያ በሌላ መንገድ ልታየው ነው። አየሩን መጥጣ ታወጣለች፣ እነዚያን ጥንዶች ውስጡ ትሠራቸዋለች፣ በኤሌክትሪክ ወጥመድ ይዛ ታቀዘቅዛቸዋለች፣ ከዚያ ሃይድሮጅን ትለቅባቸዋለች። ዓለም በተፈጠረች ማግሥት የሆነውን ነገር ከሲቀላ በባጃጅ የሚደረስበት ክፍል ውስጥ ትደግመዋለች ማለት ነው።

መከራው የመጣው አንድ ዓርብ ነው። ጸጋነሽ ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ቅንጣቶቹን የሚቆጥረው መሣሪያ ከአዲስ አበባ የተዋሱት ነውና ሰኞ መመለስ አለበት። ማቀዝቀዣ የሚሆናትን ፈሳሽ ናይትሮጅን ከሶዶ የሚያመጣው መኪና ደግሞ ተበላሽቶ ቆሟል። ብርድ ከሌለ ሙከራ የለም። የብዙ ጊዜ ልፋቷ በቅዳሜና በእሑድ መሀል ተንጠልጥሏል።

እኔም እንደ ጀግና ተነሳሁ። ብርድ ከሆነማ እኔ ባልሽ ምን ልሠራ ነው፣ ስንት ትፈልጊያለሽ አልኳት። ከዜሮ በታች ወደ ሁለት መቶ ገደማ ነው አለችኝ። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። የእኔ ጎበዝ የሚባለው ማቀዝቀዣ ዓሣ እንደ ድንጋይ የሚያደርገው ከዜሮ በታች ሃያ ምናምን ላይ ነው። ወጉ ነውና አልተሸነፍኩም። እንግዲያውስ ሄጄ አመጣዋለሁ አልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ሶዶ ነበርኩ። ናይትሮጅኑ የሚገኘው ለከብት ማዳቀያ ከሚያዘጋጁት ሰዎች ዘንድ ነው፤ የኮርማ ዘር ሳይበላሽ የሚቀመጠው በእሱ ውስጥ ነዋ። ጸጋነሽ በስልክ ተነጋግራ ስለነበር አላስቸገሩኝም። አንገቱ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ እንስራ የመሰለ የአሉሚኒየም ታንክ ሞልተው ሰጡኝ። ክዳኑን አጥብቀህ እንዳትዘጋው፣ የመኪና መስኮት ክፍት ይሁን፣ እጅህን እንዳትነክር፣ ለጨዋታም እንዳትከፍተው አሉኝ። የመጨረሻዋን ሲናገሩ እኔን የመሰለ ትልቅ ሰው ምን ሊጫወት ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ታንኩን በእግሮቼ መሀል አድርጌ ተቀመጥኩ። እንደተባለው መስኮቱን ከፈትኩ። ከኋላዬ የተቀመጠችው ሴትዮ ነፋስ መታኝ ብላ ዘጋችው። ከፈትኩ፤ ዘጋች። በመጨረሻ የታንኩ ክዳን ዙሪያ ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ሽው ሲል ሁሉም መስኮት በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ረዳቱ ምን ይዘህ ነው አለኝ። ናይትሮጅን አልኩ። ምንድን ነው ቢለኝ፣ አይዞህ፣ ከምንተነፍሰው አየር አብዛኛው እሱ ነው ብዬ እንደ ጸጋነሽ አስረዳሁት። አንድ ሽማግሌ ከፊት ዞር ብለው በትዕግሥት አዩኝና «ልጄ፣ አየር ከሶዶ ጭነህ የምትሄደው አርባ ምንጭ አየር ጠፍቶ ነው?» አሉኝ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ነገሩ ሲታሰብ አየር ተሸካሚ ነኝ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ምዕራብ ዓባያን አልፈን መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ጭሱ ይጨምራል፣ ተሳፋሪው ወደ በሩ ይጠጋል። የሙዝ እርሻ የከበባት ጫኖ መንደር ስንደርስ ሾፌሩ አቆመ። በጨዋ ደንብ፣ ወንድሜ፣ ወይ አንተ ትወርዳለህ ወይ እነሱ ይወርዳሉ አለኝ። እነሱ ብዙ ነበሩ። ወረድኩ።

አስፋልቱ ዳር ማንጎ ጥላ ሥር ታንኬን አስቀምጬ ሲቀላ ለማውቀው ባለባጃጅ ደወልኩ። ተሳፋሪ አድርሼ እመጣለሁ አለኝ። እንግዲህ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ነው፤ የሙዙ እርሻ ነፋሻማ ነው፣ ጥላው ደህና ነው፣ ምን ክፉ ነገር ይመጣል?

የመጣው ክፉ ነገር አልነበረም። እማማ ቦጋለች ነበሩ።

ከሙዙ መሀል ብቅ ብለው መጀመሪያ ያዩት እኔን ሳይሆን ታንኩን ነው። ያን ታንክ በገጠር የማያውቀው የለም። ከብት አዳቃይ ይዞት የሚዞረው እሱን ነው። ፊታቸው በራ። «ሳሮ፣ ልጄ፣ መጣሽ» አሉኝ፤ ሳሮ የጋሞኛ ሰላምታ ነው። እማማ ቦጋለች አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ እኔን «አንቺ» ላሟን «እሱ» ይሉናል። እኔም አልስቅም፤ ሲቀላ ተወልጄ አድጌ፣ ወላጆቼ ከሌላ አገር ስለመጡ ጋሞኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ከሁለታችን የሚሳቅበት ማን እንደሆነ የታወቀ ነው።

ከትናንት ማታ ጀምሮ እሱ እየጮኸ ነው አሉኝ። ላሟ ማለታቸው ነው፤ ኮርማ ፈልጋለች። ባለፈው ጊዜ አዳቃይ ሳይደርስ አልፏታል፣ ከዚያ በፊትም እንዲሁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት፤ ጥጃ ከሌለ ወተት የለም። ይህን ሁሉ እየተናገሩ እጄን ይዘው ወደ ግቢያቸው ይመሩኛል። እኔም ታንኩን ትቼው እንዳልሄድ ታቅፌዋለሁ። ስለዚህ ታንክ ታቅፌ፣ በአንዲት ባልቴት እጅ ተይዤ፣ ወደማላውቃት ላም ሄድኩ።

ላሟ ግንድ ላይ ታስራ ቆማለች። ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። በእውነት ትጮኻለች። እኔን ስታይ ግን ዝም አለች፤ ሳትገምተኝ አልቀረችም።

እማማ፣ እኔ አዳቃይ አይደለሁም፣ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ አልኩ። ታዲያ ይህ ምንድን ነው ብለው ታንኩን አሳዩኝ። የባለቤቴ ነው፣ ለምርምር ነው፣ ዓለም ሲፈጠር ስለነበረው ነገር ነው አልኩ። እማማ ቦጋለች አንገታቸውን ደፉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሰው እምቢ ሊላቸው ሲፈልግ ብዙ ዓይነት ምክንያት ሰምተዋል፤ ዓለም ሲፈጠር የሚል ግን አዲስ ሆነባቸው።

እስከዚህ ድረስ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። አንዱ እሱም ላም እንዳለው ነገረኝ። ሌላው የእሱ ጊደር ለሚቀጥለው ሳምንት ትደርሳለች፣ ቀጠሮ ልያዝ አለ። ሰው ውሸታም ሲያደርገኝ አልወድም። ውስጡ ምንም ዘር እንደሌለ ላሳያችሁ ብዬ ክዳኑን አነሳሁ። ነጩ ጉም ከአንገቱ እየተንከባለለ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን በሕይወቴ ከፍሪጅ ውጭ ስለ ሌላ ነገር ሰዎች ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩኝ ያን ቀን ነው። አንዱ በጣም ይቀዘቅዛል ወይ ሲል ልቤ ሞቀ። ሙዝ አምጡ አልኩ። ጫኖ ላይ ሙዝ አምጡ ማለት ጫሞ ላይ ውሃ አምጡ እንደማለት ነው፤ አንድ ዘለላ ሙሉ መጣ። ቀጭኗን መርጬ በገመድ አሥሬ በታንኩ አንገት አወረድኳት። ናይትሮጅኑ ተንፈቀፈቀ። ሳወጣት እንደ ብረት ደርቃለች። ግንዱ ላይ ብቅ ያለች ሚስማር ነበረች፤ በሙዝ መታኋት፣ ገባች። ጭብጨባው ከዚያ ወዲህ በጆሮዬ አለ። ድገም አሉኝ። ደገምኩ። ሦስተኛዋ ሙዝ ተሰበረች፤ እንደ ብርጭቆ ተበተነች፣ ዶሮዎች ለመልቀም ሮጡና ደንግጠው ተመለሱ። ማንጎውም ይሞከር ተባለ። ማንጎ በአንገቱ አይገባም፣ ተቆርጦ ገባ። አየር ከሶዶ ጫንክ ብለው የሳቁብኝ ሰዎች ቢያዩኝ ብዬ ተመኘሁ።

ያልሳቁት እማማ ቦጋለች ብቻ ነበሩ። ላማቸውን አንገቷ ሥር ያሹ ነበር። ያን ሳይ እጄ ላይ ያለችው ሙዝ ከበደችኝ። ታንኩን አነሳሁት። ቀሎኛል፤ በጣም ቀሎኛል።

ይህን ጊዜ ነው እውነተኛው አዳቃይ መልካሙ በሞተር ብስክሌት የመጣው። አንዱ ጎረቤት፣ የሙዙ ትርዒት ሳይዘው፣ ስልክ ደውሎለት ኖሯል። መልካሙ ወጣትና ቅን ሰው ነው፤ የእሱ ሐዘን ግን ከእኔ ይብስ ነበር። የእሱንም ታንክ የሚሞላው ያው የተበላሸው መኪና ነው። ከታች ትንሽ ብቻ ቀርቶታል፣ ዛሬ ከሰዓት ካልተሞላ በቀጫጭን ቱቦ የተቀመጠው የኮርማ ዘር በሙሉ ይበላሻል። የእማማ ቦጋለች ላም ብቻ አይደለችም፤ የዚያ አካባቢ ላም ሁሉ ወራት ይጠብቃል። የእኔን ታንክ ሲያይ፣ የተጠማ ሰው ጠጅ ቤት በር ላይ ቆሞ እንደሚያየው አየው። ግን አልጠየቀኝም። ማንም አልጠየቀኝም። እማማ ቦጋለችም አልጠየቁኝም፤ የእኔ አለመሆኑን ነግሬያቸዋለኋ።

ለጸጋነሽ ደወልኩ።

«የት ደረስክ?» አለችኝ።

ጫኖ ነኝ አልኩና ነገሩን ከመሀሉ ጀመርኩላት። ምን ያህል ቀርቷል አለች። ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል አልኩ። ከሶዶ ጫኖ ግማሽ እንዴት ይተናል ስትለኝ ስለ ሙዙ ነገርኳት። ከኋላዋ የአየር መምጠጫው ድምፅ ብቻ ይሰማኛል።

«ሙዝ» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ትንሽ ማንጎም አልኩ፤ አንዴ ከተነገረ ሁሉም ይነገር ብዬ። ከዚያ ስለ ላሟ ነገርኳት። ስለ እማማ ቦጋለች፣ ስለ መልካሙ ታንክ፣ ማንም ምንም እንዳልጠየቀኝ ነገርኳት። የጸጋነሽ ዝምታ ውስጥ ሒሳብ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ሦስት አራት ጊዜ በተለያየ ብርድ ልትለካ አቅዳ ነበር።

«ላሟ እስከ መቼ ትጠብቃለች?»

መልካሙን ጠይቄ እስከ ምሽት ነው አልኳት።

«የእኔም እስከ ሰኞ ነው» አለች። «ስጠው። ዘሩ የሚጠልቅበትን ያህል ስጠው። ለእኔ ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ከቀረ እሞክራለሁ። የሙዙን ግን ለብቻችን እናወራዋለን።»

መልካሙ ጓንቱን አጥልቆ፣ ፈሳሹን ከታንክ ወደ ታንክ ሲገለብጥ ጠብታ እንኳ አላባከነም። እኔ ልርዳህ ብዬ ጫማዬ ላይ አፈሰስኩ፤ እሱም በትሕትና እዚያ ጥላው ሥር ብትቀመጥ አለኝ። ከዚያ ወደ ላሟ ሄደ። እማማ ቦጋለች ጭንቅላቷን ይዘው በጋሞኛ ጆሮዋ ሥር የሚያወሯት ነገር ነበር። መልካሙ ሥራውን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ፣ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይታ ድጋሚ ካልጮኸች ይዛለች ማለት ነው አላቸው። ባጃጁ ደረሰ። እማማ ቦጋለች ታንኩን ዳበስ አድርገው ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ አሉኝ።

ቤተ ሙከራው ስገባ ጸጋነሽ መጀመሪያ ያየችው ፊቴን ነው፣ ቀጥሎ ጫማዬን፣ ከዚያ ታንኩን። መምህሯ ለስብሰባ ወጥተው ስለነበር እኔ ረዳት ሆንኩ፤ ረዳትነቴም አንድ ጥግ ላይ ወንበር ይዤ ምንም ነገር አለመንካት ነው። እሷ ናይትሮጅኑን ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። የብረቱ ድስት ቱቦዎች ነጭ አመዳይ ለበሱ። ጠበቅን። በጋሞ ደጋ፣ ጨንቻ ተራራ ላይ ያደገች ስለሆነች ብርድ ሲገባ ትረጋጋለች፤ እኔ አላበኝ።

ኮምፒዩተሩ ላይ ነጥቦች መታየት ጀመሩ። ወጥመዱ ውስጥ ያሉትን ጥንዶች ነው የምታየው አለችኝ። ሃይድሮጅኑን ለቀቀችባቸው። ነጥቦቹ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዱ ጀመር። እያንዳንዱ መውረድ አንዱ ሂሊየም አንዱን ሃይድሮጅን ሲለቅ ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ፣ ያ ሁሉ የፈጣሪ ዘመን እንደገና በዓይኔ ፊት ይሆናል። ሰው ዓለም ሲጀመር ያይ ዘንድ ተፈቅዶለት እንደ እኔ የሙዝ ልጣጭ ኪሱ ውስጥ ይዞ መቀመጡ ያሳፍራል።

ጸጋነሽ ቀደም ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ የለካችውን መስመር ከላዩ ላይ አመጣችው። ሁለቱ መስመሮች አንዱ በአንዱ ላይ ተኙ። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። አፏን በእጇ ይዛ ነበር።

«ብርዱ አላዘገየውም» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስመሩ።

ከዚያ ነጥቦቹ ይረበሹ ጀመር። ናይትሮጅኑ አለቀ፣ ወጥመዱ ሞቀ። በቃ ወይ አልኳት። በቃ አለች። አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ነገር ማንም አያምንም፣ እንደገና መለካት አለበት፣ ቆጣሪውን ለማግኘት እንደገና መለመን አለብኝ አለች። ይህን ስትል ግን ፊቷ የለማኝ ፊት አልነበረም። ፊቷን አይቼ ስለ ጠፋው ግማሽ ታንክ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ራሷን ትከሻዬ ላይ አስደግፋ ሚስማሩ እውነት ገባ ወይ አለችኝ። ገባ አልኳት። በሙዝ? በሙዝ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከሳቁ በኋላም እንባው ትንሽ ቀጠለ፣ እኔም ያዝኳት።

ከሦስት ሳምንት በላይ ካለፈ በኋላ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ጫኖ እንሂድ አለችኝ። ያን ቀን ናይትሮጅኗን የተካፈለቻትን ላም ማየት ፈልጋ ነው። እማማ ቦጋለች ከግቢው በር ላይ ተቀበሉን፤ እኔን አቅፈው ሳሙኝ፣ ጸጋነሽን ግን በጋሞኛ ሲያናግሯትና ስትመልስ እጇን አልለቀቁም። ላሟ ድጋሚ አልጮኸችም። እማማ ቦጋለች ግን ይዛለች አላሉም፣ እኛም አልጠየቅንም፤ እንዲህ ያለ ነገር ስሙ ሲጠራ ይደነግጣል። ዝም ብለን ሆዷን አየን።

ሙዝ ቀርቦልን ስንቀመጥ እማማ ቦጋለች ያ ጭስ ለምን እንደነበር ጸጋነሽን ጠየቋት። እሷም ማስረዳት ጀመረች፣ በጋሞኛ። ያን ሁሉ የዓለም መጀመሪያ በጋሞኛ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሂሊየምና ሃይድሮጅን የሚለውን ብቻ እየያዝኩ፣ የተቀረውን ከእጇ እከታተላለሁ። ሁለት እጇን ጨብጣ አገናኘቻቸው፤ ጥንዶቹ ናቸው። ከዚያ የእማማ ቦጋለችን እጅ ሦስተኛ አድርጋ አመጣች። የእሷ አንዱ እጅ ከእማማ ቦጋለች እጅ ጋር ሄደ። ሌላኛው እጇ ጉልበቷ ላይ ብቻውን ቀረ።

እማማ ቦጋለች ያን የቀረውን እጅ አዩት። ስለ ከዋክብቱ አልጠየቁም። በዝግታ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ጸጋነሽ ንግግሯን አቋርጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ሂሊየሙ ታዲያ ብቻውን ቀረ ወይ ይሉኛል።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ስለዚያ ሞለኪውል ስታነብ፣ ስትለካ፣ ከፕሮፌሰሮች ጋር ስትነጋገር ማንም ለሂሊየም አዝኖለት እንደማያውቅ ከፊቷ ገባኝ። እሷም አዝናለት አታውቅም ነበር። ጉልበቷ ላይ ያለውን እጇን ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዚያ ለእማማ ቦጋለች በጋሞኛ መለሰችላቸው፤ አጭር ነበር፣ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። እማማ ቦጋለች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አስተውለው አዩኝ፣ ከዘለላው ውስጥ የበሰለችውን ሙዝ መርጠው እጄ ላይ አኖሩ።

ስንመለስ ባጃጁ ላይ ምን ብለሻቸው ነው አልኳት። ለእሳቸው የተነገረ ነው አለችኝና እጇን እጄ ውስጥ ከተተችው። እስከ ሲቀላ አልነገረችኝም፣ እስከ ዛሬም አልነገረችኝም።

በማግሥቱ ከጫሞ ዓሣ ነጋዴዎች አንዱን፣ ማቀዝቀዣህን ስጠግን ጋሞኛ ታስተምረኛለህ አልኩት። እስካሁን የያዝኩት ስለ ላም፣ ስለ ዓሣና ስለ ዋጋ ብቻ ነው። ወደዚያች አጭር መልሷ ግን እየተጠጋሁ ነው።